በነበልባል ውስጥ የካልሲየምንና የመዳብን ሞለኪውሎች ብርሃን ለይቶ ማየት፦ ዝርዝር መመሪያ

የነበልባል ሙከራ በብዙ ትምህርት ቤቶች ይሠራል፤ ካልሲየም ጡብ የመሰለ ቀይ፣ መዳብ ደግሞ አረንጓዴ ይሰጣል ተብሎ ይታለፋል። ነገር ግን ይህንኑ ነበልባል በስፔክትሮስኮፕ (ብርሃንን በየሞገድ ርዝመቱ በትኖ በሚያሳይ መሣሪያ) ለማየት የሚሞክሩ ተማሪዎችና መምህራን አብዛኛውን ጊዜ የሚያገኙት አንድ ደማቅ ቢጫ መስመር ብቻ ነው። ሽቦውን ይቀይራሉ፣ ጨዉን ይጨምራሉ፣ ቢጫው ግን ይብስበታል እንጂ አይለቅም። ይህ መመሪያ የተጻፈው ለእነርሱ ነው። ውድቀቱ የሚመጣው ብዙ ጊዜ ከመሣሪያ ማነስ ሳይሆን ምንም ናሙና ያልገባበትን ነበልባል አስቀድሞ ሳይመዘግቡ ወደ ናሙናው ከመቸኮል ስለሆነ፣ ከዚህ በታች ያለውን ቅደም ተከተል እንዳለ ጠብቁት።

ከመጀመራችሁ በፊት፦ የምትፈልጉት ምንድን ነው?

ያ ቢጫ መስመር የሶዲየም ነው። ሶዲየም በነበልባል ውስጥ ብርሃን የሚሰጠው ነጠላ አቶም ሆኖ ነው፤ በመሆኑም ብርሃኑ በ589.0 እና በ589.6 ናኖሜትር የሞገድ ርዝመት ላይ ባሉ ሁለት ቀጫጭን መስመሮች ተወስኖ ይታያል። የካልሲየም ቀይ ግን ከአቶሙ አይመጣም። የካልሲየም አቶም ዋና መስመር የሚገኘው በ422.7 ናኖሜትር፣ ማለትም በሐምራዊው በኩል ነው። ቀዩን የሚሰጠው አንድ ካልሲየም፣ አንድ ኦክስጅንና አንድ ሃይድሮጅን ብቻ የያዘ፣ በነበልባል ውስጥ ተፈጥሮ እዚያው የሚጠፋ ትንሽ ሞለኪውል ሲሆን፣ ካልሲየም ሞኖሃይድሮክሳይድ ይባላል። ይህን ከኖራ ጋር አታምታቱት፤ በኖራ ውስጥ ለአንድ ካልሲየም ሁለት ሃይድሮክሳይድ (የኦክስጅንና የሃይድሮጅን ጥንድ) አለ፣ በጠርሙስም ይቀመጣል።

ካልሲየም ከውጫዊ ሁለት ኤሌክትሮኖቹ አንዱን ለሃይድሮክሳይዱ ሲሰጥ ሁለተኛው በብዛት በራሱ በካልሲየሙ ላይ ብቻውን ይቀራል። ብርሃን የሚሰጠው ይህ ብቸኛ ኤሌክትሮን ነው። ኃይል አግኝቶ ወደ ላይኛው ደረጃ ሲወጣ ሞለኪውሉ የነቃ ሁኔታ ላይ ነው እንላለን፤ ተመልሶ ሲወርድ ደግሞ ያገኘውን ኃይል በብርሃን መልክ ይለቃል። ከሁለቱ ዝቅተኛ የነቁ ሁኔታዎች አንዱ በ625 ናኖሜትር አካባቢ ብርቱካናማ ቀይ ብርሃን፣ ሌላው በ555 ናኖሜትር አካባቢ አረንጓዴ ብርሃን ይሰጣል፤ ኃይሉ በኤሌክትሮን ቮልት (በአቶም ደረጃ ባለ የኃይል መለኪያ) ሲሰላ በቅደም ተከተል ወደ 1.98 እና ወደ 2.23 ይሆናል። በነበልባል ስፔክትረም ላይ ከፍተኛው ድምቀት የሚታየው በ622 እና በ554 ናኖሜትር አካባቢ ነው። ሞለኪውሉ ስለሚንቀጠቀጥና ስለሚሽከረከር ብርሃኑ እንደ ሶዲየም ቀጭን መስመር አይሆንም፤ ብዙ ናኖሜትር የሚሸፍን ሰፊ ቀበቶ ይሆናል። መስመርና ቀበቶ መለየት የዚህ ሥራ ግማሹ ነው።

ኤሌክትሮኑን ወደ ላይ የሚያወጣው ኃይል በሁለት መንገድ ይመጣል። አንደኛው ከትኩስ ጋዝ ጋር በመጋጨት ነው። ሁለተኛው ኬሚካዊ ነው፤ በነበልባሉ ውስጥ ያሉ የሃይድሮጅን አቶሞችና የሃይድሮክሲል (አንድ ኦክስጅንና አንድ ሃይድሮጅን) ቁርጥራጮች እርስ በርሳቸው ወይም ከካልሲየሙ ጋር ሲጣመሩ የሚለቁት ኃይል ሞለኪውሉን በቀጥታ ሊያነቃው ይችላል። እነዚህ ቁርጥራጮች ከሰማያዊው ውስጠኛ ሾጣጣ ጫፍ ከፍ ብሎ ባለው ሥፍራ ሙቀቱ ብቻ ከሚፈቅደው በላይ ይበዛሉ። ከየት ከፍታ ላይ መመልከት እንዳለባችሁ ኋላ ስንነጋገር ይህን አስታውሱ።

ሊታለፍ የማይገባ ማስጠንቀቂያ

ሜታኖል በፍጹም አትጠቀሙ። ጨው በሜታኖል አሟሙቶ በሳህን ላይ ማቃጠል ቀለሙን ስለሚያሳምር ለረጅም ጊዜ በክፍል ውስጥ ሲታይ ቆይቷል፤ ይሁን እንጂ እሳቱ የጠፋ መስሎ ሲጨመርበት ከጠርሙሱ ተወርውሮ ተማሪዎችን በጽኑ አቃጥሏል። የአሜሪካ የኬሚካል ደኅንነት ቦርድ እ.ኤ.አ. በ2014 ይህን በሚመለከት ማስጠንቀቂያ አውጥቷል። በዚህ መመሪያ ውስጥ ወደ ነበልባል የሚረጨው ነገር ሁሉ በውሃ የተዘጋጀ ነው፤ ማንኛውም አልኮል፣ ለማጽጃ የያዛችሁት ጭምር፣ እሳቱ ከመለኮሱ በፊት ከክፍሉ ይውጣ።

መከላከያ መነጽር ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አድርጉ፤ ፀጉርና ነጠላ ይታሰሩ፤ መስኮት ይከፈት። ባሪየምን በዚህ ሙከራ ውስጥ ሆን ብዬ አላስገባሁትም፤ በውሃ የሚሟሙ ጨዎቹ መርዛም ናቸውና በተማሪ እጅ መግባት የለባቸውም።

ደረጃ 1፦ ዕቃዎችንና ፈሳሾችን ማዘጋጀት

1. የጋዝ ምንጭ። አየር መግቢያ ቀዳዳ ያለው ቡንሰን በርነር ወይም እንደዚያው ቀዳዳ ያለው የጋዝ ችቦ ያዙ። የአልኮል መብራት አይበቃም፤ ነበልባሉ ያን ያህል አይሞቅም፣ ክሩም ራሱ ሶዲየም ይለቃል።

2. ውሃ። የተጣራ ውሃ ብቻ። ከመኪና ዕቃ መሸጫ የምትገዙት ከሆነ ለባትሪ የሚጨመረው ውሃ መሆኑን ሁለት ጊዜ አረጋግጡ፤ የባትሪ አሲድ በተመሳሳይ ዕቃ ሊቀመጥ ይችላልና መለያ የሌለውን ጠርሙስ አትቀበሉ። የቧንቧ ውሃ ሶዲየምም ካልሲየምም ስላለው ሙከራውን ከመነሻው ያበላሸዋል።

3. የካልሲየም ፈሳሽ። ካልሲየም ናይትሬት ካላችሁ እሱ ይሻላል። ከሌላችሁ የእንቁላል ቅርፊት አጥባችሁ የውስጡን ስስ ሽፋን ልጣችሁ አድርቁና አድቅቁት። ከዱቄቱ 1 ግራም በ40 ሚሊ ሊትር ነጭ አቼቶ ውስጥ ጨምሩ፤ አረፋው እስኪቆም፣ ይበልጡንም እስከ ማግስቱ ድረስ ተዉት። ከዚያ በማጥለያ ወረቀት አጥልላችሁ በተጣራ ውሃ 100 ሚሊ ሊትር አድርሱት። ይህ በሊትር 0.1 ሞል የሚጠጋ የካልሲየም አሲቴት ይሰጣል። አጥንት ወይም ጂፕሰም አትጠቀሙ፤ ፎስፌትና ሰልፌት ካልሲየሙን በነበልባሉ ውስጥ በቀላሉ በማይበተን ጠጣር ይይዙታል፣ ብርሃኑም ክፉኛ ይቀንሳል።

4. የማነጻጸሪያ ፈሳሽ። 40 ሚሊ ሊትር የዚያኑ አቼቶ ወስዳችሁ ያለ ቅርፊት በተጣራ ውሃ 100 ሚሊ ሊትር አድርሱ። ብዙ ሰው ይህን ፈሳሽ ይዘልለዋል፤ በኋላ ያየው ብርሃን ከካልሲየሙ ይሁን ከአቼቶው መለየት ያቅተዋል።

5. ሁለት የመዳብ ፈሳሾች። በአንዱ ጠርሙስ 1 ግራም የመዳብ ሰልፌት በ100 ሚሊ ሊትር ውሃ፤ በሌላው ያንኑ መጠን አድርጋችሁ 20 ግራም አሞኒየም ክሎራይድ ጨምሩበት። የገበታ ጨው ክሎራይድ አለው ብላችሁ በአሞኒየም ክሎራይድ ፋንታ አታስገቡ፤ ከክሎራይዱ ጋር የምትሸሹትን ሶዲየም ታመጣላችሁ።

6. አምስት አዳዲስ የመርጫ ጠርሙሶች፣ ጭጋግ የመሰለ ጠብታ የሚሰጡ፤ አንዱ ለተጣራ ውሃ፣ አራቱ ለፈሳሾቹ። እያንዳንዱን በተጣራ ውሃ አምስት ጊዜ አለቅልቁ፣ ስም ለጥፉበት፣ አንዱን በሌላው ቦታ በፍጹም አትጠቀሙ። በባዶ እጅ አፉን አትንኩ፤ የእጅ ላብ ጨው ነው።

የሽቦ ቀለበትን የተውኩት በምክንያት ነው። ሽቦ ናሙናውን በአንድ ጊዜ ያቃጥለዋል፣ ብርሃኑ በጥቂት ሰከንዶች ይጠፋል፣ ሽቦው ራሱ ሲግል ደግሞ የቀስተ ደመናውን ቀለም ሁሉ ይሰጣል። ጭጋግ ግን እስከረጫችሁት ድረስ ቀጣይ ብርሃን ይሰጣል።

ደረጃ 2፦ ስፔክትሮስኮፑን መሥራት

1. 20 ሴንቲ ሜትር ርዝመት ያለው ጠንካራ የካርቶን ሣጥን ውሰዱ፤ ውስጡን በሙሉ ጥቁር አድርጉት። የሚያንጸባርቅ ጥቁር ሳይሆን ፈዛዛ ጥቁር ወረቀት ይሁን።

2. በአንድ ጫፍ መስኮት ክፈቱና ሁለት ምላጮችን ስለት ለስለት አድርጋችሁ 0.2 ሚሊ ሜትር ያህል ስንጥቅ ይቅርላችሁ። ሁለት መደበኛ የጽሕፈት ወረቀቶች ተደርበው የሚያልፉበት ክፍተት ከዚህ ጋር ይቀራረባል። ስለቶቹ ፍጹም ትይዩ ይሁኑ።

3. የሚጻፍበት ባዶ ዲቪዲ ውሰዱ። በመቀስ ከጠርዙ ቁራጭ ቁረጡና በጠርዙ በኩል በጥፍር ለሁለት ክፈሉት። ሐምራዊ ቀለም ያለውን ግልጽ ግማሽ ያዙ፤ የብር መልክ ያለው ሽፋን ከቀረበት በተለጣፊ ፕላስተር አንሡት፣ ቀለሙን በአልኮል እጠቡት። የቀረው ገጽ በመካከላቸው 740 ናኖሜትር የሚራራቁ ጭረቶች አሉት፤ ብርሃኑን በየሞገድ ርዝመቱ የሚበትኑት እነዚህ ናቸው።

4. ቁራጩን በሣጥኑ ሌላኛው ጫፍ ለጥፉት፤ የዲስኩ ጠርዝ ኩርባ ከስንጥቁ ጋር ትይዩ ይሁን። እዚህ ላይ ዘጠና ዲግሪ ከተሳሳታችሁ መስመሮቹ አይታዩም፤ ብርሃን ወደ ላይና ወደ ታች ተጎትቶ ብቻ ታያላችሁ።

5. ስልካችሁን ከቁራጩ ጀርባ በሣጥኑ ቀጥታ ሳይሆን ወደ ጎን አዙራችሁ አስቀምጡ። ብርሃን ቀጥ ብሎ ሲገባ 550 ናኖሜትር በ48 ዲግሪ ገደማ ይወጣል፤ 430 በ35.5፣ 690 ደግሞ በ69 ዲግሪ ገደማ። ስለዚህ የካሜራው መሐል ወደ 50 ዲግሪ ያነጣጥር። ስልኩን በካርቶን ድጋፍና በፕላስተር አጥብቃችሁ እሰሩት፤ ከዚህ በኋላ አይነካም።

በዚህ መጠን የተሠራ መሣሪያ በስንጥቁ ስፋት ምክንያት የሚያደበዝዘው ወደ 0.7 ናኖሜትር ብቻ ነው፤ የካሜራው ጥራት ጥቂት ቢጨምርበትም ለቀበቶ ሥራ ከበቂ በላይ ነው። በሲዲ የምትሠሩ ከሆነ ጭረቶቹ 1600 ናኖሜትር ስለሚራራቁ መደብዘዙ ወደ 1.6 ናኖሜትር ያድጋል፣ ማዕዘኑም ወደ 20 ዲግሪ ይወርዳል። ያም ይሠራል፤ ዲቪዲውን ግን እመርጣለሁ።

ደረጃ 3፦ የሞገድ ርዝመት መለኪያ ማውጣት

1. ጠምዛዛውን ኃይል ቆጣቢ አምፖል ወይም የቱቦ ፍሎረሰንት መብራት በስንጥቁ ፊት አብሩ። ኤልኢዲ አይሆንም፤ የሚለይ መስመር የለውም።

2. በስልኩ ካሜራ የእጅ ቁጥጥር ሁነታን ክፈቱ። ትኩረቱን፣ የብርሃን መቀበያ ጊዜውን፣ አይኤስኦውን (ካሜራው ለብርሃን ያለውን ስሜት)ና የነጭ ሚዛኑን ቆልፉ። እነዚህ ካልተቆለፉ ካሜራው በየምስሉ በራሱ ስለሚያስተካክል አንዱን ምስል ከሌላው ጋር ማነጻጸር አይቻልም።

3. ምስሉን አንሥታችሁ በኮምፒውተር ክፈቱ። ኢሜጅ ጄ የተባለው ነፃ ፕሮግራም በምስሉ ላይ መስመር ስትስሉ የብርሃኑን መጠን በግራፍ ያወጣል።

4. በአምፖሉ ውስጥ ያለውን የሜርኩሪ ተን ሰማያዊ በ435.8፣ አረንጓዴውን በ546.1፣ በአምፖሉ ሽፋን ውስጥ ያለውን የዩሮፒየም ቀይ በ611 ናኖሜትር አካባቢ ፈልጉና የእያንዳንዱን ፒክስል ቁጥር ጻፉ። ከ546.1 አጠገብ በአጭሩ በኩል የተርቢየም (የሌላ የሽፋኑ ንጥረ ነገር) ብርሃን ስላለ ሁለቱን እንደ አንድ ቆጥራችሁ መሐሉን አትውሰዱ።

5. በሁለት ነጥብ ቀጥታ መስመር አትስሩ። በዚህ ማዕዘን ላይ የፒክስልና የሞገድ ርዝመት ዝምድና ጎባጣ ነው፤ ቢያንስ ሦስት ነጥብ ወስዳችሁ የሁለተኛ ደረጃ ቀመር አስገቡ። ቀጥታ መስመር ጠርዝ ላይ ብዙ ናኖሜትር ሊያሳስታችሁ ይችላል፤ ይህ ደግሞ አንድን ሞለኪውል በሌላ ስም ለመጥራት በቂ ነው።

ደረጃ 4፦ ባዶውን ነበልባል መመዝገብ

ከሁሉም ደረጃዎች የበለጠ ትዕግሥት የሚጠይቀው ይህ ነው።

1. ክፍሉን አጨልሙ። በዚያን ቀን ወለል አትጥረጉ፤ አቧራ ሶዲየምና ካልሲየም ይዞ በነበልባሉ ውስጥ ያልፋል።

2. በርነሩን ለኩሱና የአየር ቀዳዳውን ክፈቱት፤ ጥርት ያለ ሰማያዊ ውስጠኛ ሾጣጣ እስኪወጣ ድረስ አስተካክሉ።

3. ስንጥቁን በመጀመሪያ በሾጣጣው ላይ አነጣጥራችሁ ቅረጹ። በ431 ናኖሜትር አካባቢ የካርቦንና የሃይድሮጅን ጥንድ፣ በ474፣ በ516.5 እና በ563.5 ናኖሜትር አካባቢ ደግሞ የሁለት ካርቦን ጥንድ ቀበቶዎችን ማየት አለባችሁ። እነዚህ የጋዙ የራሱ ናቸው፤ ማንም ናሙና አላስገባቸውም። 431 ከመዳብ ሰማያዊ ጋር፣ 563.5 ደግሞ ከካልሲየም አረንጓዴ ጋር ጎረቤት መሆናቸውን ልብ በሉ። ሾጣጣውን እየተመለከተ «ካልሲየም አገኘሁ» የሚል ሰው የቡታ ጋዝ ካርቦን አግኝቶ ሊሆን ይችላል።

4. አሁን ስንጥቁን ከሾጣጣው ጫፍ 2 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ አድርጉ። የካርቦኑ ቀበቶዎች ሊጠፉ ወይም እጅግ ሊደክሙ ይገባል። ካልጠፉ ከፍ ማድረጋችሁን ቀጥሉ። ቀሪውን ሥራ ሁሉ በዚህ ከፍታ ላይ ትሠራላችሁ፤ ከፍታውን በሣጥኑ መቆሚያ ላይ በእርሳስ ምልክት አድርጉበት።

5. የተጣራውን ውሃ፣ ቀጥሎም የማነጻጸሪያውን ፈሳሽ ወደ አየር መግቢያው ቀዳዳ አቅጣጫ ከ20 እስከ 30 ሴንቲ ሜትር ርቀት እየረጫችሁ እያንዳንዳቸውን ለ10 ሰከንድ በቪዲዮ ቅረጹ። አንድ ሰው ይርጭ፣ ሌላው ይቅረጽ፤ ሁለቱን ብቻችሁን አትሞክሩ።

የሶዲየም መስመር በትንሹ መታየቱ አይቀርም፤ አትዘኑበት። ጥያቄው መስመሩ አለ ወይስ የለም ሳይሆን ካሜራውን ያጥለቀልቀዋል ወይስ አያጥለቀልቀውም የሚል ነው። የቀዩና የአረንጓዴው ቀለም መጠን በምስሉ ላይ 255 (የመጨረሻውን ከፍተኛ ቁጥር) ከነካ አጥለቅልቆታል፤ የብርሃን መቀበያ ጊዜውን በግማሽ ቀንሳችሁ ይህን ደረጃ ከቁጥር 3 ጀምሮ ድገሙት። ሳያጥለቀልቅ የሚታይ ደካማ የሶዲየም መስመር እንዲያውም ይጠቅማችኋል፦ በእያንዳንዱ ምስል ውስጥ በ589.3 ናኖሜትር (በሁለቱ መስመሮች መሐል) ላይ የተተከለ ምልክት ስለሆነ ስልኩ ቢንቀሳቀስ ወዲያውኑ ታውቁበታላችሁ።

ደረጃ 5፦ ካልሲየምን ማስገባት

1. ምንም ቅንብር ሳትነኩ የካልሲየሙን ፈሳሽ እንደ ማነጻጸሪያው አድርጋችሁ ለ10 ሰከንድ ርጩና ቅረጹ።

2. ከቪዲዮው ነበልባሉ ያልተናወጠባቸውን ከ10 እስከ 20 ምስሎች መርጣችሁ አማካያቸውን አውጡ። ከማነጻጸሪያውም እንዲሁ አድርጉ።

3. የማነጻጸሪያውን አማካይ ከካልሲየሙ አማካይ ቀንሱ።

4. በቀረው ግራፍ ላይ በ554 እና በ622 ናኖሜትር አካባቢ ሁለት ሰፋፊ ጉብታዎች መኖራቸውን አረጋግጡ። ሁለቱ አብረው መታየት አለባቸው፤ አንዱ ብቻ ከታየ ገና አላገኛችሁም።

ጥንቃቄ፦ የባሪየም አቶም በ553.5 ናኖሜትር ላይ መስመር አለው፤ ይህም ከካልሲየም ሞኖሃይድሮክሳይድ አረንጓዴ ጋር ተደራቢ ነው። በነበልባል ፎቶሜትር (በነበልባል ብርሃን የብረቶችን መጠን በሚለካ መሣሪያ) የሚሠሩ ሰዎች የሚያውቁት አሮጌ ወጥመድ ነው። መለያው ስፋቱ ነው፤ የባሪየሙ እንደ ሶዲየም ቀጭን ይሆናል፣ የ622 ጓደኛም የለውም።

ጊዜ ካላችሁ ስንጥቁን በግማሽ ሴንቲ ሜትር እያነሣችሁ የ622ቱን ጉብታ ድምቀት በየከፍታው መዝግቡ። ከሾጣጣው በላይ ባለው የታችኛው ሥፍራ የምታዩት ብርሃን የሙቀት ብቻ ሳይሆን፣ ቀደም ብዬ የጠቀስኳቸው ቁርጥራጮች ሲጣመሩ የሚለቁት ኃይልም ያለበት ነው።

ደረጃ 6፦ በመዳብ የሞለኪውሉን ማንነት መፈተን

ቀበቶ ማየት አንድ ነገር ነው፤ ቀበቶው የየትኛው ሞለኪውል እንደሆነ ማሳየት ሌላ ነው። ለዚህ መዳብን የምመርጠው ልዩነቱ ሰፊ ስለሆነ ነው፦ መዳብ ከሃይድሮክሳይድ ጋር ሲጣመር ከ530 እስከ 560 ናኖሜትር አካባቢ አረንጓዴ፣ ከአንድ ክሎሪን ጋር ሲጣመር ደግሞ ከ420 እስከ 460 ናኖሜትር አካባቢ ሰማያዊ ይሰጣል። በስትሮንቲየም ይህን መሞከርን ለጀማሪ አልመክርም፤ የሁለቱ ሞለኪውሎቹ ቀበቶዎች በቀዩ በኩል እርስ በርሳቸው ይደራረባሉ።

1. አሞኒየም ክሎራይድ የሌለበትን የመዳብ ፈሳሽ ርጩና ቅረጹ። አረንጓዴውን ብቻ መጠበቅ አለባችሁ።

2. እያንዳንዱን ፈሳሽ በራሱ መርጫ ብቻ ይዛችሁ፣ ነበልባሉን ለአንድ ደቂቃ አጥርታችሁ፣ አሞኒየም ክሎራይድ ያለበትን ርጩ። በሰማያዊው በኩል አዲስ ብርሃን መውጣት አለበት፤ አረንጓዴው ግን ሙሉ በሙሉ ላይጠፋ ይችላል።

3. 5 ግራም አሞኒየም ክሎራይድ በ25 ሚሊ ሊትር ውሃ ብቻ አሟሙታችሁ፣ መዳብ ሳይኖርበት፣ በስድስተኛ አዲስ ጠርሙስ ርጩ። ሰማያዊው መታየት የለበትም። ይህ ከሌለ ሙከራው ማስረጃ አይሆንም፤ ሰማያዊው የአሞኒየም ክሎራይዱ የራሱ አለመሆኑን የሚያሳየው ይህ ብቻ ነው።

ክሎራይዱ ይህን ያህል መብዛት ያለበት በነበልባል ውስጥ የውሃ ተን እጅግ ብዙ ስለሆነ ነው። የብረቱ ክሎራይድ ከውሃ ተን ጋር ሲገናኝ ወደ ሃይድሮክሳይድና ወደ ሃይድሮጅን ክሎራይድ ይለወጣል፤ ለውጡም ወደ ኋላ ሊመለስ የሚችል ነው። ሃይድሮጅን ክሎራይዱ ካልበዛ ሁልጊዜ ሃይድሮክሳይዱ ያሸንፋል። ካልሲየም ክሎራይድ ጨው በጭጋግ መልክ የረጨ ሰው የካልሲየም ክሎራይድ ቀበቶ ሳይሆን የሃይድሮክሳይዱን የሚያየውም በዚሁ ምክንያት ነው።

ሲበላሽ ምን ይደረግ?

ከቢጫ በቀር ምንም አይታይም። መጀመሪያ ምንም ሳትረጩ ተመልከቱ። ቢጫው ካለ ከአየሩ ወይም ከበርነሩ አፍ ነው፤ በርነሩን አጥፍታችሁ ሲቀዘቅዝ አፉን በተጣራ ውሃ በረጠበ ወረቀት ጥረጉ፣ ከዚያ ክፍሉ እስኪረጋ ሃያ ደቂቃ ጠብቁ። ንጹሕ ከሆነና ቢጫው በውሃ ሲመጣ ውሃው ወይም ጠርሙሱ ነው። በውሃ ሳይመጣ በማነጻጸሪያው ከመጣ አቼቶው ነው፤ ሌላ ዓይነት ሞክሩ። ለዓይን ቢጫውን የሚሸፍን ሰማያዊ የኮባልት መስታወት አለ፤ በዚህ ሥራ ላይ ግን አታድርጉት፣ የምትፈልጓቸውን ቀበቶዎች ጭምር ይቆርጣል።

ከሐምራዊ እስከ ቀይ ያልተቋረጠ ቀስተ ደመና ይታያል። ጥላሸት እየጋለ ነው፤ የአየር ቀዳዳውን ክፈቱ። ከከፈታችሁም በኋላ ካለ ስንጥቁ የጋለውን የበርነር አፍ እያየ ስለሆነ ከፍ አድርጉት።

ቀበቶው አለ፣ የሞገድ ርዝመቱ ግን አይገጥምም። በዚያው ምስል ላይ ያለውን የሶዲየም መስመር አንብቡ። 589.3 ካልሆነ ስልኩ ተንቀሳቅሷል፤ ቁጥሩን በግምት ከማስተካከል ይልቅ ደረጃ 3ን እንደገና ሥሩ። ሶዲየሙ ትክክል ሆኖ ሰማያዊው ብቻ ከሳተ ቀመራችሁ ጉብጠቱን አልያዘም ማለት ነው።

የመዳቡ ሰማያዊ አልወጣም። በመጀመሪያ አሞኒየም ክሎራይዱ መሟሟቱን አረጋግጡ። ቀጥሎ ስንጥቁን ወደ ነበልባሉ ጠርዝ አዙሩ፤ መዳብ ሞኖክሎራይድ በጣም በሞቀው መሐል ይበተናል። ወደ ታች ወደ ሾጣጣው መውረድን እንደ መጨረሻ አማራጭ ያዙት፤ ከወረዳችሁ ግን በዚያው ከፍታ አዲስ ባዶ ምዝገባ ውሰዱ፣ የ431ዱ ቀበቶ እዚያ ይጠብቃችኋልና።

ነበልባሉ ሲረጭ ይጠፋል። ጠብታው ትልቅ ነው ወይም ቀርባችኋል። ወዲያውኑ ጋዙን ዝጉ፣ አንድ ደቂቃ አየር አስገቡ፣ ከዚያ ብቻ እንደገና ለኩሱ። ጋዝ ክፍት ሆኖ ክብሪት አትፈልጉ።

የካልሲየሙ ብርሃን ከቀን ወደ ቀን ይደክማል። ፈሳሹ ደፍርሶ ወይም ሻጋታ ይዞ ከሆነ ጥሉትና አዲስ አዘጋጁ። የመርጫው ቀዳዳ በደረቀ ጨው መጥበቡንም ተመልከቱ፤ በሙቅ የተጣራ ውሃ ይከፈታል።

ሥራውን ስትጨርሱ

ጋዙን ከምንጩ ዝጉ፣ በርነሩን እስኪቀዘቅዝ አትንኩ። የመዳብ ፈሳሾችን ወደ ፍሳሽ ወይም ወደ አትክልት አትድፉ፤ ለውሃ እንስሳት ጎጂ ናቸው። ክዳን ባለው ዕቃ ሰብስባችሁ ስም ጽፉበትና ለቤተ ሙከራው ቆሻሻ ኃላፊ አስረክቡ። ካልሲየሙና ማነጻጸሪያው በብዙ ውሃ ሊፈሱ ይችላሉ። በማስታወሻችሁ ላይ ቀኑን፣ የስንጥቁን ከፍታ፣ አራቱን የካሜራ ቅንብሮችና የባዶውን ነበልባል ፋይል ስም ጻፉ፤ በሚቀጥለው ጊዜ ስንጥቁን በእርሳሱ ምልክት ላይ መልሳችሁ ከደረጃ 4 ትጀምራላችሁ።